የጂቱ ቀንድ

ከይሪያ ሙዘይን ያላቃጠለችውን ቀንድ «ተቃጥሏል» ብላ ፈረመች። ጥፋቱ ይኸው ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው። ቀኑ የካቲት ዘጠኝ 1970 ዓመተ ምሕረት ነበር። ቀንዱ ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ቁልቁል፣ ባሕር ዛፍ መሀል በተሠራች የጭቃ ቤት ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ቀረ፤ ፊርማዋ ግን በላንድሮቨር ወደ ከተማ ወረደ።

ውሸት ለከይሪያ እንግዳ ነበር። ደግ ስለሆነች ሳይሆን ትዕግሥት ስለሌላት ነው፤ የሚዋሽ ሰው ያለውን ሁሉ ማስታወስ አለበት፣ እሷ ደግሞ ለዚህ ጊዜ አልነበራትም። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ ስታጠና ቆይታ፣ በመሀል ለዕድገት በኅብረት ዘምታ፣ ተመልሳ ጨርሳ፣ ፈንጣጣ ከአገሩ መጥፋቱን በሚያጣራው ቡድን ውስጥ ተቀጠረች። የመጨረሻው በሽተኛ ከተገኘ ዓመት ተኩል አልፎ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ቤት ለቤት ተፈልጎ አንድም ሰው ካልተገኘ፣ ያ የባላባቱን ልጅ ከጭሰኛው ልጅ ሳይለይ ሲፈጅ የኖረ በሽታ ከኢትዮጵያ ምድር አበቃለት ተብሎ ይጻፋል።

ሥራው በወረቀት ላይ «አሰሳ» ይባላል። በዚያ ዓመት አዲስ አበባ ውስጥ «አሰሳ» ብሎ የሰው በር ማንኳኳት ምን እንደሚያስከትል ለማንም የሚነገር አይደለም። አባወራው ይገረጣል፤ እናት ወንድ ልጇን በጓሮ ታሾልካለች። ስለዚህ ከይሪያ ገና ከአጥር ውጭ ሆና «ለክትባት ነው» ትል ነበር።

ከበሽተኛው ሌላ የሚፈለግ ነገር ነበር። ሐኪም በማይገኝበት ዘመን የየሰፈሩ ከታቢዎች ፈንጣጣ ቀለል አድርጎ ከያዘው ልጅ መግል ወስደው፣ በማር ለውሰው፣ የጤነኛውን ልጅ ክንድ በምላጭ ጫር ጫር አድርገው ይቀቡት ነበር። ልጁ ጥቂት ቀን ያተኩሰዋል፤ ከዚያ በኋላ በሽታው ዕድሜ ልኩን አይደፍረውም። የሚሞትም ነበር፤ ግን ጥቂት ነው። አንዳንዱ ከታቢ ለክፉ ቀን ይሁነኝ ብሎ የቁስሉን ቅርፊት በቀንድ ደፍኖ ያስቀምጣል። እንዲህ ያለ ነገር ከተገኘ አጣሪው ዐመድ እስኪሆን ቆሞ ያቃጥል የሚል ትእዛዝ ወጥቶ ነበር።

የአቶ ገረሱን ቤት ያመለከተቻት ቅጠል ተሸክማ የምትወርድ ሴት ናት። ከሸክሟ ሥር ቀና ሳትል፣ እኚህ ሰው የድሮ ከታቢ እንደነበሩ፣ አሁንም ከግድግዳቸው የማያወርዱት ቀንድ እንዳለ ነግራት አለፈች።

አቶ ገረሱ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ ጣታቸው ረጅም ሰው ናቸው። ከይሪያን በርጩማ ላይ አስቀምጠው እሳቸው ቆሙ። እሷም እንደ ልማዷ ከቦርሳዋ ካርድ አወጣች። ካርዱ ላይ ፊቱን ፈንጣጣ ያለበሰው ሕፃን ፎቶግራፍ አለ።

«እንዲህ የሆነ ሰው በዚህ ዓመት አይተዋል አባባ?»

ሽማግሌው ካርዱን ወደ በሩ ብርሃን አዙረው ብዙ አዩት። «ይኼ ይድናል» አሉ። «ፍሬው ነጠላ ነጠላ ነው፤ አልተጋጠመም። ሲጋጠም ነው ክፉ።»

ይህንኑ ነገር መምህሯ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ፈጅቶ ነበር ያስረዳት። ከይሪያ ለሰው ሁሉ የማታወራውን ወሬ ለእሳቸው አወራች። ይህ የእርስዎ ሙያ በሌላም አገር ነበረ አለቻቸው፤ ቻይኖች ቅርፊቱን ፈጭተው በቀጭን ቱቦ ልጁ አፍንጫ ውስጥ ይነፉት እንደነበር፣ ሕንዶች በመርፌ እንደሚወጉት፣ የቱርክ አሮጊቶች በለውዝ ቅርፊት ውስጥ ይዘውት ከቤት ወደ ቤት እንደሚዞሩ፣ አውሮፓ ከሁሉም ዘግይቶ እንደተማረ ነገረቻቸው።

«በአፍንጫ?» አሉ አቶ ገረሱ። «ያለ ማር?»

«ያለ ማር።»

«ምስኪን ልጆች» አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀጥለው እሷ በጠርሙስ የያዘችው ክትባት ከምን እንደሚሠራ ጠየቁ። ከላም በሽታ የተገኘ መሆኑን ስትነግራቸው ትንሽ ፈገግ አሉ። «የእናንተ ከላም ነው። የእኔ ከልጅ ነበር።»

ቀንዱ ከአልጋው ራስጌ በላይ ተሰቅሏል። ጥቁር የበሬ ቀንድ ነው፤ አፉ በሰም ተደፍኖ በጠፍር ታስሯል። ከይሪያ አውርደው እንዲሰጧት ጠየቀች። አልሰጡም። ቁጣም አላሳዩም፤ የጠየቀችው የማይቻል ነገር እንደሆነ አድርገው ታሪኩን ይነግሯት ጀመር።

ጂቱ አንድ ልጃቸው ነበረች። በ1951 ዓ.ም. ጥር ላይ ፈንጣጣ ከካራ በኩል ሲመጣ ሰባት ዓመቷ ነው። አባቷ የሰውን ልጅ ሁሉ ሲከትቡ እሷ ግን አልተከተበችም ነበር፤ ምክንያቱም ከታቢ በገዛ ልጁ ላይ ምላጭ አያነሳም። የሚወድ እጅ ወይ ይሳሳና አይቆርጥም፣ ወይ ይፈራና ጠልቆ ይቆርጣል ይባላል። ልጁ ቢሞትበት ደግሞ እጁ ይረክሳል፤ ሰው ልጁን አያመጣለትም። ስለዚህ ከታቢዎች ልጆቻቸውን ይለዋወጣሉ። የጂቱ ተራ የካራው ከታቢ የዲንሳ ነበር። ዲንሳ እህሌን ወቅቼ ልምጣ ብሎ ላከ። ውቂያው ረዘመ። ሁለት ሳምንት ዘግይቶ በበቅሎ ሲመጣ ጂቱ መደብ ላይ ተኝታ አገኛት።

«እኔ ደጄ ላይ ነበርኩ» አሉ አቶ ገረሱ። «ምላጩም በእጄ ነበር።»

የየካ ሰው ግን ፈንጣጣው በር ላይ ደርሶበታል። ቀለል ያለ በሽተኛ በቅርብ የለም፤ ያለችው ጂቱ ናት፤ እሷም ያን ጊዜ ገና አልከፋባትም። እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ግቢያቸውን ሞሉት። አቶ ገረሱ ከልጃቸው ቁስል ወሰዱ። አርባ አንድ ልጅ ከተቡ። ጂቱ በየመሀሉ ከማሩ የተረፈውን እንዲሰጧት ትጠይቅ ነበር፤ ሰጧት። ከአርባ አንዱ ሁለቱ ሞቱ። ጂቱ በዐሥራ አንደኛው ቀን ሞተች። በፈንጣጣ የሞተ ቤተ ክርስቲያን አይገባም ተብሎ፣ ቀድሞ በሽታው ያገኛቸው ሁለት ሰዎች ወስደው ገደል አፋፍ ላይ ቀበሯት። ፍትሐት የለ፣ ለቅሶ የለ፤ እናቷም እንድትከተል አልተፈቀደላትም። ኋላ ስፍራው ባሕር ዛፍ ተተከለበትና የቱ ጋ እንደሆነ ጠፋ። የቀረው ቀንዱ ውስጥ ያለው፣ ከቁስሏ የተወሰደው ነው።

ከውጭ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። የቡድኑ መሪ ወልደ ኢየሱስ መኪናው ውስጥ ሆኖ ይጠብቃል፤ ጨጓራውን ስለሚያመው ምሳ ሰዓት ሲያልፍበት ማንንም አይታገሥም። ከይሪያ ቅጹን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ልትጽፍ እጅጌዋን ሰብሰብ አደረገች።

አቶ ገረሱ ጎንበስ አሉ። በክንዷ ውስጠኛው በኩል ሦስት አጫጭር ጠባሳ አለ፤ ሁለት ቁም፣ አንድ አግድም።

«የማን ልጅ ነሽ?»

«የሙዘይን። የየካው ባለሱቅ።»

«የሱልጣና ልጅ» አሉ ቀስ ብለው። «ማሩን ያመጣችው እሷ ናት። ከሱቃችሁ፣ በጣሳ። እያንዳንዱ ከታቢ የራሱ አቆራረጥ አለው፤ ይኼ የእኔ ነው።» ጠባሳውን ለመንካት እጃቸውን ዘረጉና መልሰው ሰበሰቡት። «አንቺም የጂቱ ነሽ።»

ከይሪያ ጠባሳውን ታውቀዋለች። በልጅነቷ ማር ቀብቶ የከተባት ሰው እንዳለ ከእናቷ ሰምታለች፤ ሰምታም ረስታው ነበር። እንዲህ ዓይነት ነገር ስለማይመቻት ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ረጅም ነው፣ ቀንዱ ውስጥ ያለው ሞቶ ይሆናል፣ የሚጎድልብዎት ነገር የለም አለቻቸው።

«ከሞተ ስለ ምን ታቃጥይዋለሽ?» አሉ። «ካልሞተ ደግሞ ልጄ ናት።»

 ሽማግሌው ቀጥለው ሚስታቸው የማርያምወርቅ ለኪዳነ ምሕረት ክብረ በዓል ሱባኤ መግባታቸውን፣ የካቲት ዐሥራ ሰባት እንደሚወርዱ፣ ሚስታቸው ሳያዩ ቀንዱ ከቤት እንደማይወጣ ነገሯት። ስምንት ቀን ነው። ቅጹ ላይ ያለው ዓምድ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ «የተገኘው ነገር መቃጠሉ»። ለስምንት ቀን የሚሆን ባዶ ቦታ የለውም። ጥሩምባው እንደገና ጮኸ። ከይሪያ «ተቃጥሏል» ብላ ፈረመች።

ለምን እንደፈረመች ወልደ ኢየሱስ ቢጠይቃት አትነግረውም ነበር። ነገሩ የሸሚዝ ነገር ነው።

ወንድሟ ነጅመዲን ኅዳር ውስጥ ከቤት ተወሰደ። እናቱ ሱልጣና ለአራት ቀን ወደ ቀበሌ ምግብ አመላለሰች፤ በአምስተኛው ቀን ከእንግዲህ አታምጪ ተባለች። ሌላ ቃል አልነገሯትም፤ አስከሬን አልሰጧትም። ስለዚህ ለቅሶ አልተቀመጠችም፤ የሚቀመጥ ቢመጣም ማን ሞተ ተብሎ ይጠየቃል። የተወሰደ ዕለት አውልቆት የነበረው ሰማያዊ ሸሚዝ ከበሩ ኋላ ምስማር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ሱልጣና ጠዋት ጠዋት፣ ከስግደቷ ስትነሳ፣ አንገትጌውን ታሸተው ነበር። ከይሪያ አንድ ወር ታገሠች። ከዚያ አንድ እሑድ እናቷ ገበያ በሄደችበት ሸሚዙን በኦሞ አጥባ፣ ተኩሳ፣ አጣጥፋ ሣጥን ውስጥ አኖረችው። መልካም ያደረገች መስሏት ነበር። ሱልጣና ስትመለስ ሸሚዙን አወጣች፤ አሸተተችው፤ መልሳ እንደነበረ አጠፈችው። ከዚያ ቀን ወዲህ «ምሳሽ ቀርቧል» ከማለት ያለፈ ነገር ለልጇ ተናግራ አታውቅም።

ከይሪያ ይቅርታ ለመጠየቅ ሁለት ጊዜ ሞክራ ሁለቱንም ጊዜ ስለ ንጽሕና ስታስረዳ ራሷን አገኘችው።

በነዚያ ስምንት ቀናት ሁለት ነገር ሆነ። አንደኛው፣ ሰኞ የካቲት ሃያ ዋናው ተቆጣጣሪ ከአንድ የውጭ ባለሙያ ጋር መጥቶ፣ ነገር የተገኘባቸውን ቤቶች እየዞረ ቃል እንደሚቀበል ወልደ ኢየሱስ ለቡድኑ ነገረ። ከይሪያ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ገባት። ቀንዱ ግድግዳው ላይ ከተገኘ እሷ የሐሰት ሪፖርት የጻፈች ናት፤ በዚያ ዓመት የሐሰት ሪፖርት ስንፍና አይባልም፣ አሻጥር ይባላል። ሽማግሌውም በሽታ የደበቁ ተብለው ቀበሌ ይወርዳሉ። ቀበሌ የወረደ ሰው ምሳ ይመላለስለታል፣ ከዚያ አንድ ቀን አታምጡ ይባላል።

ሁለተኛው፣ ምሳ ላይ ሆና፣ ድንገት ለእናቷ ስለ አቶ ገረሱ ነገረቻት። መልስ አልጠበቀችም። ሱልጣና ጎርሳ የያዘችውን አላምጣ ዋጠች።

«ልጅቷ ማሩን ከጣቷ ስትልስ አይቻታለሁ» አለች። «አንቺን ታቅፌ ቆሜ። ሳቀችብሽ፤ ታለቅሺ ነበር።»

ይኼን ብላ ሳህኑን ይዛ ተነሳች። ከሸሚዙ ቀን ወዲህ የተናገረችው ረጅሙ ነገር እሱ ነበር።

የካቲት ዐሥራ ሰባት ቀን ከይሪያ መኪና ሳትጠብቅ በእግሯ ወጣች። ከየካ ሽቅብ መንገዱ ቀይ አቧራ ነው፤ ከበዓሉ የሚመለሱ ሰዎች ነጭ ለብሰው ይወርዳሉ፣ እንጨት ተሸካሚዎቹ በመሀላቸው ይሾልካሉ። ስትደርስ ወይዘሮ የማርያምወርቅ ደጅ ላይ እግራቸውን ሲታጠቡ አገኘቻቸው። አጭር፣ ጠንካራ ሴት ናቸው። ስሟን ሳይጠይቁ ክንዷን ያዙና እጅጌዋን ገለጡ። ጠባሳውን እንደ ቅዱስ ነገር ሳሙት። ከይሪያ መሳም አትወድም፤ ክንዷን ግን አልሳበችም።

ቤት ገብተው ተቀመጡ። እሷም ሁሉንም ሳትቀባባ ነገረቻቸው፤ ፊርማውን፣ ሰኞን፣ ቀበሌውን። አቶ ገረሱ ሲሰሙ ቆይተው ቀንዱን ጫካ ውስጥ እደብቀዋለሁ፣ ሰዎቹ ሲሄዱ እመልሰዋለሁ አሉ። ከይሪያ ይኼ እንደማይሆን፣ አንድ ልጅ አግኝቶት ሰሙን ቢፍቀውና ውስጡ ያለው ባይሞት ምን እንደሚከተል ነገረቻቸው። እሳቸው ግን ወደ ግድግዳው እያዩ ነበር፤ ቀንዱ ከወረደ ጂቱ እንዳልነበረች ትሆናለች፣ አንድም የሚያሳዩት ነገር አይኖራቸውም አሉ።

«የጂቱ አባት» አሉ ወይዘሮ የማርያምወርቅ። «እኔን ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

አቶ ገረሱ ዓይናቸውን ከግድግዳው ወደ ሚስታቸው መለሱ።

«ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ከሥሩ ተኝቻለሁ። ላለቅስ ስል ‹ዝም በይ፣ እዚሁ አለች› ትለኛለህ። እዚህ የት? ቀንድ ውስጥ? እኔ ልጄን አልቀበርኳትም። አንድ ቀን እንኳ ጂቱ ሞተች ብዬ አልጮኽኩም። ሽሮዬን ስሠራ አለች፣ ስጸልይ አለች፣ ስተኛ አለች። ደከመኝ። ይቺ ልጅ ዐመዱን ትሰጠኝ እንደሁ ጠይቅልኝ እንጂ ሌላ ነገር አትጠይቅ።»

አቶ ገረሱ ወደ ከይሪያ ዞሩ። ትእዛዙ ዐመዱ ጉድጓድ ውስጥ ይጣል ይላል። ከይሪያ ጉድጓዱ የት ይሁን የሚል እንደሌለው አስታወሰች።

«ዐመድ ዐመድ ነው» አለች። «የወደዳችሁበት ቅበሩት። ቤተ ክርስቲያንም ቢሆን።»

ሽማግሌው ተነስተው አልጋው ላይ ወጡ። ጠፍሩን ከችንካሩ ለመፍታት ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው፤ ሚስታቸው ቢላ ቢያቀብሏቸው አልተቀበሉም። ቀንዱ በነበረበት ቦታ ግድግዳው ላይ ነጣ ያለ ምልክት ቀረ። ወርደው ሰሙን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። አንድ ጊዜ ከፍቼ ልያት አሉ።

«አይሆንም» አለች ከይሪያ። ከዚያም ቃሉ እንደ ቀበሌ ሰው ቃል ስለተሰማት፣ «አባባ፣ አይሆንም። እኔም ብሆን አላይም» አለች።

ምድጃው ላይ ባሕር ዛፍ ይነዳል። ወይዘሮ የማርያምወርቅ እንጨት ጨመሩበት። አቶ ገረሱ እሳቱ አጠገብ ቁጢጥ አሉ፤ ቀንዱን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆዩ። ከይሪያ ልትቸኩል ፈለገች፤ ሰዓቷን ልታይ ክንዷን አነሳችና መልሳ አወረደችው። እሳቱ ትንሽ ዝቅ አለ። ሌላ እንጨት ተጨመረ።

«እኔ አልችልም» አሉ በመጨረሻ። የሚለምኑ አይመስሉም ነበር፤ የሥራ ደንብ የሚያስረዱ ይመስሉ ነበር። «ከታቢ በገዛ ልጁ ላይ እጁን አያነሳም። ይኼ የዲንሳ ነበር። አሁን ዲንሳ የለም፤ ከታቢ አንቺ ነሽ።»

ቀንዱን ወደ እሷ ዘረጉት።

ከይሪያ በእጇ ላይ የታጠበ ሸሚዝ የሚሸተውን የኦሞ ሽታ ያን ጊዜ ለምን እንዳስታወሰች አላወቀችም። ያን እሑድ ማንም አልለመናትም ነበር። አሁን ግን የተዘረጋ እጅ አለ፣ የሚጠብቅም ሰው አለ፤ ደግሞም እሷ እንደ ዲንሳ አልዘገየችም። ቀንዱን ተቀበለች። ቀላል ነው፣ ባዶ የያዘች ያህል ነው። ጎንበስ ብላ ፍሙ መሀል አስገባችው፤ በሁለት ጉማጅ ደግፋ እንዳይንከባለል አደላደለችው፤ እጇንም ሙቀቱ እስኪለበልባት ድረስ አላነሳችም።

መጀመሪያ ሰሙ ቀለጠና ቦግ ብሎ ነደደ። ከዚያ ቀንዱ ይጨስ ጀመር። የሚቃጠል ቀንድ ሽታ ክፉ ነው፤ እንደ ጠጉር ነው፤ ከልብስ ቶሎ አይለቅም። አቶ ገረሱ ከበርጩማው አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጠው ጀርባቸውን ለእሳቱ ሰጡ። ወይዘሮ የማርያምወርቅ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱ።

ሲጀምሩት ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር፤ የልጃቸውን ስም ብቻ ነው የሚሉት። ከዚያ ስሙ እየረዘመ ሄደ። ደረታቸውን መቱ። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የዘገየው ለቅሶ ከዚያች አጭር ሴት እንዴት ሊወጣ እንደቻለ ከይሪያ ቆማ አየች። ሽማግሌው ጥቂት ቆይተው በኦሮምኛ ተቀበሏቸው። በመንገዱ የሚያልፉ ሰዎች ቆም ማለት ጀምረው ነበር፤ በተከፈተው በር ይታያሉ። በዚያ ሰሞን እንዲህ ያለ ጩኸት የተሰማበት ቤት ምን ሆነ ተብሎ ሳይጠየቅ አያድርም።

ትእዛዙ አጣሪው ዐመድ እስኪሆን ይቁም ይላል። ከይሪያ ወደ ምድጃው ተመለከተች። ቀንዱ መሀሉ ተሰንጥቆ ውስጡ ቀይ ሆኗል። ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አደረገች፤ ማንም አላያትም። ከደጃፉ ተሻግራ ወጣች፣ ዞራም ሳንቃውን በሁለት እጇ ስባ፣ ከመቃኑ ጋር እስኪገጥም ድረስ፣ በሩን ዘጋችላቸው።